ለአራት ወር አስሬው ያደርኩት የእንቅልፍ ሰዓት

እንቅልፍ የሚለካውን የእጅ ሰዓት የገዛሁት ዋርድ (የታካሚዎች ክፍል) ውስጥ እየጻፍኩ እንቅልፍ በጣለኝ ማግስት ነው። የአንድ ታካሚ የደም ግፊት ልመዘግብ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስባንን 130 ብዬ የጀመርኩት ቁጥር ጅራት አውጥቶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ወርዷል። ማንም አላየኝም። እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። ሰውየው መድኃኒት የሚጨመርለትም የሚቀነስለትም በዚያ ቁጥር ነው።

ያን ዕለት 22 ሰዓት ያህል አልተኛሁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የዳውሰንና የሪድ ጥናት አለ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል ይላል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ሳነበው ስለ ሌሎች ሰዎች የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓቱ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ በትክክል ስንት ሰዓት እንደምተኛ ማወቅ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ስንጠየቅ "ስድስት ሰዓት እተኛለሁ" እንላለን። እኔም እል ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሆነ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። የሰዓቱን ቁጥር የሚያሳየኝን ስልክ ይዤ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

በዚህ ረገድ ሰዓቱን አመሰግነዋለሁ። መቼ እንደተኛሁና መቼ እንደተነሳሁ በየቀኑ ደርድሮ ሲያሳየኝ ራሴ ያላየሁትን አየሁ። እሁድ እሁድ ከሌላው ቀን አራት ሰዓት አርፍጄ እነሳለሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሰኞ ራውንድ (ታካሚዎችን እየዞሩ መጎብኘት) ላይ ቆሜ እንገላጀጃለሁ። ለወራት "ሰኞ ይከብደኛል" ስል የኖርኩት ነገር ምንጩ እሁድ ጠዋት ነበር። ቡናውም እንደዚሁ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ከጠጣሁት ውስጥ ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም አብሮኝ አለ ማለት ነው። ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት) ላይ ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ሠንጠረዡን ሳይ ነው።

ባትሪውና ማሰሪያው ደህና ናቸው። ሌሊት አይቆረቁርም። ከሥሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ግን ብርድ ልብስ ሲገለጥ ዓይን ይወጋል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የቃል ፈተና ሊኖረኝ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ በጀርባዬ ተኝቼ ጣሪያውን አያለሁ። አሥራ ሁለቱን የራስ ቅል ነርቮች በቅደም ተከተል እደግማለሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እንዳትነቃ አልገላበጥም። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ይመስለኛል የተኛሁት። ጠዋት ሰዓቱ ያን አንድ ሰዓት ተኩል "ቀላል እንቅልፍ" ብሎ መዝግቦታል።

ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እንቅልፍ በትክክል ሲለካ ራስ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን ሞገድ ያነብባሉ። የዓይን እንቅስቃሴና የአገጭ ጡንቻ መወጠርም አብሮ ይመዘገባል። የእጅ ሰዓት ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያና የልብ ምት የሚያነብ መብራት ነው። ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። ሳይነቃነቅ የተጋደመ ሰው ለሱ እንቅልፍ ላይ ነው። በጭንቀት ዓይኑ ፈጥጦ የሚያድር ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚጋደመው። ስለዚህ "ጥልቅ እንቅልፍ 38 ደቂቃ" ሲላችሁ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አትያዙት።

ከዚህ የባሰው ለእንቅልፍ የሚሰጠው ነጥብ ነው። በየጠዋቱ ከ100 ይሰጣል። አንድ ቀን ቀለል ብሎኝ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሰዓቱን አየሁት፣ 41 ይላል። ወዲያው ራሴ ከበደኝ።

"ምነው? አሁን ደህና አልነበርሽም እንዴ?" አለችኝ ጓደኛዬ።

"41 አመጣሁ።"

"ምኑን?"

"እንቅልፉን።"

አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። "እሱንም ፈተና አደረግሽው?" አለችኝ፤ ሰዓቱንም ከእጄ ፈታችው።

ይህ ነገር ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ኦርቶሶምኒያ አሉት፤ የመሣሪያውን ቁጥር ለማስተካከል መጨነቅ ራሱ እንቅልፍ ሲነሳ ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን በውጤት ሲመዘን ለኖረ ተማሪ ይሄ አደገኛ ወጥመድ ነው። ኩባንያዎቹ ነጥቡን ከመጀመሪያው ቢያጠፉትና የፈለገ ሰው ራሱ ቢያበራው ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ የተማሪዎች አማካሪ ጋ ሄድኩ። ሰዓቱን አልከለከለችኝም። ነጥቡን አጥፍታ የወረቀት ማስታወሻ ሰጠችኝ። ስንት ሰዓት አልጋ ገባሁ፣ በግምት መቼ ተኛሁ፣ መቼ ተነሳሁ፣ ቀኑ እንዴት ነበር፤ በቃ። አልጋ ላይ ማንበብ ቀረ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነስቼ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሲመጣ መመለስ። የመነሻ ሰዓት እሁድንም ጨምሮ አንድ ዓይነት። ይህ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠው የባህሪ ሕክምና አካል ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ሕክምና እንዲቀድም መክሯል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በጣም ከበዱኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አልጋዬ እንደገና የመተኛ ቦታ ሆነ።

አማካሪዋ የጠየቀችኝን ሰዓቱ በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። "ሆድ ይብስሻል? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አስጠልቶሻል?" እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ አገሮች ጥናቶች ድምር ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሌሊት እየባነናችሁ ንጋት የሚናፍቃችሁ ከሆነ፣ ሆዳችሁም አብሮ ከባሰው፣ እባካችሁ ሰዓት አትግዙ። ሰው ጋ ሂዱ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ለአንድ ወር ይጠቅማል፤ ከጓደኛ መዋስም ይበቃል። ነገረ ሥራው ሁሉ ጭንቀት ለሆነ፣ ቁጥር ካየ ለማያርፍ ሰው ግን አልመክርም። የዲዩቲ (የአዳር ተረኝነት) ፕሮግራማችሁንም አይቀይርላችሁም። ያን ከኃላፊዎቻችሁ ጋር ነው የምትነጋገሩት።

አንድ ነገሩን ግን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ያለ ድምፅ የሚነዝረው ማንቂያ። ዲዩቲ ላይ ሸለብ ላደርግ ስል 20 ደቂቃ እሞላዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳልገባ ስለሚቀሰቅሰኝ ስነሳ አልደነዝዝም። ባለፈው ዲዩቲ ሦስት ሆነን በአንድ ጠባብ ክፍል አደርን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እጄን ነዘረኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ገጠምኩት። ሁለቱ እንደተኙ ነበሩ።