ስምንት ወር ከጋላክሲ ኤስ21 ጋር፦ የስልኬን የአባት ስም ሳላውቅ

ስልኩን የገዛሁት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ21፣ ግራጫ፣ 256 ጂቢ፣ ያገለገለ፣ በ32,000 ብር። መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ። አሁን ሰኔ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከእጄ አልተለየም፤ እንዲያውም ተለይቶኝ ያውቃል፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሐሳቤ የነበረው ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው መጻፍ ነው። ስምንቱን ወር መለስ ብዬ ሳስበው ግን ራሴን ያዞረኝ ነገር ሁሉ ከአንድ ተራ ጥያቄ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። ስልክህ ምንድን ነው? ኤስ21 ነዋ!

አይበቃም። ቀበሌ ሄዳችሁ «አበበ እባላለሁ» ብትሉ ምን ይሏችኋል? የአባት ስም፣ ከዚያ የአያት። ኤስ21ም እንደዚያው ነው። አበበ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስልኩ ጥሩ ጥሩውን ላውራ፣ ተበዳይ ብቻ እንዳልመስል። ስልኩ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የወጣ ነው፤ እኔ ጋ ሲደርስ አራት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ግን አያስታውቅበትም። ስክሪኑ 6.2 ኢንች ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በአንድ አውራ ጣት ይጻፍበታል። የዛሬ ስልክ ሁሉ ሰፌድ ሆኖ የለ? ይሄ የጂንስ ኪስ ውስጥ ገብቶ ያስቀምጣችኋል። ስክሪኑ በሴኮንድ 120 ጊዜ ስለሚታደስ ወደ ላይ ወደ ታች ስትሉት ውሃ ነው። ጀርባው ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ጥዬው ጭረት ብቻ ነው ያተረፈው፣ ስለዚህ ፕላስቲኩን አመሰግናለሁ። የሜሞሪ ካርድ ቦታ የለውም። ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር አልነበረም፤ በዚህ ሻጩን አልወቅስም፣ አዲሱም ይሸጥ የነበረው ያለ ቻርጀር ነው።

አሁን ወደ ጉዱ።

ሱቁ ውስጥ ቆሜ «ሁለት ሲም ይወስዳል?» አልኩት ሻጩን። «አባቴ፣ ኤስ21 እኮ ነው፣ ሁሉም ዱዋል ነው» አለኝ። እጄ ላይ የነበረችው የኢትዮ ቴሌኮም ሲሜ ብቻ ናት። አስገባኋት፣ ደወልኩ፣ ሠራ። ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ የሳፋሪኮሟን ላክል ትሪውን ሳወጣው ቦታ የለም። የኤስ21 የሁለት ሲም ትሪ ሲሞቹን ጎን ለጎን አይደለም የሚይዘው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ነው፤ ይሄንን ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። ገለበጥኩት። ታቹ ልሙጥ።

ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሳፋሪኮም ከገባ ወዲህ ማለቴ ነው፣ እኔ ከሁለቱም አልላቀቅም። አንዷ ለቴሌብር፣ አንዷ ለኢንተርኔት። አንድ ሲም ብቻ የሚወስድ ስልክ ለእኔ ግማሽ ስልክ ነው።

ያን ዕለት ማታ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቲንግ ገብቼ፣ እስከ ታች ወርጄ፣ አባውት ፎን የሚለውን ከልቤ ያነበብኩት። ጋላክሲ ኤስ21 ፋይቭጂ ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ ኤስኤም-ጂ991ኤን። ይቺ የመጨረሻዋ «ኤን» ናት የአባት ስሙ። ኤን ማለት ኮሪያ ነው። ለኮሪያ ገበያ የተሠራው ኤስ21 አንድ ሲም ብቻ ነው የሚወስደው፣ ኢሲምም (ያለ ካርድ፣ ስልኩ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ሲም) የለውም።

ወንድሞቹን ልንገራችሁ። ጂ991ቢ የሚባለው ለአውሮፓና ለብዙው ዓለም የወጣው ነው፤ ሁለት ሲም ከሆነ ከኋላው ዲኤስ የሚል ይከተለዋል። ጂ991ዩ የአሜሪካ ቴሌኮሞች የሸጡት ነው፣ ዩ1 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ሳይቆለፍ የተሸጠው። ደብልዩ የካናዳ። በፊደል ፋንታ በዜሮ የሚያልቀው ጂ9910 የቻይናና የሆንግ ኮንግ ነው። ሁሉም ከውጭ መንትያ ናቸው፤ ከቨር ይዋዋሳሉ፣ የስክሪን ፕሮቴክተር ይዋዋሳሉ። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። የቢ እና የኤን አንጎል ኤግዚኖስ 2100 ነው፣ የአሜሪካና የቻይናዎቹ ስናፕድራገን 888። ስለዚህ አንድ ሰው «ኤስ21 ጌም ላይ እንዲህ ነው» ሲል የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ ወሬውን በግማሽ ጆሮ ስሙት።

የሚያናድደኝ ነገር ይሄን ሁሉ ሱቁ ውስጥ በሦስት ሴኮንድ ማወቅ መቻሌ ነው። *#06# መደወል ብቻ። በ2010 የስልክ ምዝገባ በተጀመረ ሰሞን ይቺን ቁጥር ያልነካ ማን አለ? 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ፣ የስልኩ መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ ይወጣል። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት አይኤምኢአይ ያሳያል፤ ኢሲም ያለው ደግሞ ኢአይዲ የሚል ረጅም ቁጥር ይጨምራል። የእኔ አንድ መስመር ብቻ አሳየኝና ዝም አለ። ይኼው ነው፣ ሻጭ ማመን ድሮ ቀረ። ከአሥራ አምስቱ አሃዝ የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ የሞዴሉ መለያ ናቸው፣ ቀጥለው የሚመጡት ስድስቱ የራሱ የስልኩ ተራ ቁጥር፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ማረጋገጫ ናት። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ እነዚያን ስምንቱን ፎቶ አንሡና ቤት ሄዳችሁ ፈትሹ፣ ወይም እዚያው ቆማችሁ፣ ሻጩ ቢቆጣም።

መለስኩለት ወይ? ሄጃለሁ። «ተጠቅመህበታል እኮ ወንድሜ» አለኝ፤ አንድ ሌሊት! ልቀይርልህ ብሎ 6,000 ብር ጨምር አለኝ። ትቼው ወጣሁ።

ኤኗ በሌላም በኩል አገኘችኝ። ኅዳር ላይ የጓደኛዬ የልጁ ክርስትና ነበር። ቄሱ እየጸለዩ ነው፣ ሁሉም ጸጥ ብሏል፣ እኔ ፎቶ ላነሣ ስልኬን ከፍ አደረግኩ። ቀጭ! ድምፁን ዘግቼዋለሁ እኮ፣ ሳይለንት ላይ ነው። እንደገና ቀጭ። አንዲት እናት ዞረው በዓይናቸው ቀጡኝ። ቤት ገብቼ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የሹተር ድምፅ ማጥፊያውን ብፈልግ የለም። ለካ ኮሪያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በስውር ፎቶ እንዳይነሣ ተብሎ ካሜራው ድምፅ እንዲያሰማ የሚል ደንብ አለ፣ ለዚያ ገበያ የተሠራ ስልክ ማጥፊያ ሳይኖረው ነው የሚወጣው። ደንቡ ጥሩ ነው፣ አልጣላውም። እኔ ግን ኮሪያ አይደለሁም። በኋላ አንድ ኮምፒውተር የሚነካካ የሰፈር ልጅ የሆነች ትንሽ አፕ ጭኖ አንዲት መስመር ውስጥ ያለውን 1 ወደ 0 ቀየረልኝና ቀጭታው ቆመ። ለአብዛኛው ሌላ ኤስ21 ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ዘጠኙ ቀን ደግሞ እንዲህ ነው የሆነው። መጋቢት ላይ ቻርጅ መሰኪያው ላላ። ገመዱን በላስቲክ አስሬ፣ በመጽሐፍ ደግፌ ትንሽ ገፋሁ፤ ይሄን ያላደረገ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ጠዋት ጭራሽ እምቢ አለ፣ ጠፋ። ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። የቻርጅ ቦርዱ ነው፣ አስመጣልሃለሁ አለኝ፣ ቀጥሎም ትክክለኛውን ሞዴል ጠየቀኝ። ስልኩ ጠፍቷል፣ ሴቲንግ መግባት የለም። እኔ ሆዬ ብልጥ ሆኜ «ካርቶኑ ላይ አለ» ብዬ ቤት ደውዬ አስነበብኩ። ጂ991ቢ ይላል። ኤን መሆኑን ያን ማታ በዓይኔ አይቼው ሳለ፣ ከአምስት ወር በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው «የኮሪያ ነው» የሚለው ብቻ ነበርና ፊደሏን ካርቶኑ ያውቃታል ብዬ አመንኩት።

ዕቃው በሳምንቱ መጣ። ልጁ ስልኩን ከፍቶ የድሮውን ቦርድ ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጠና ላያቸው ላይ የታተመውን ኮድ አሳየኝ። አንዱ ኤን፣ አንዱ ቢ። «ብራዘር፣ ይሄን አልገጥምም፣ ነገ ኔትወርክ ጠፋ ብለህ ትመጣብኛለህ» አለኝ። ልክ ነው፣ ያቺ ትንሽ ቦርድ የቻርጅ ብቻ አይደለችም፣ ማይኩም የአንቴና መስመሩም በሷ በኩል ነው የሚያልፈው። የኤኑን ከሌላ ሱቅ ፈልጎ እስኪያመጣ ሁለት ቀን ተጨመረ። ለመጀመሪያው የከፈልኩት ቀብድ ቀረ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ካርቶኑስ? የሌላ ስልክ ካርቶን ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አይኤምኢአይ ስልኬ ሲነሣልኝ ካወጣው ጋር ሳስተያየው አንድም አይገናኙም። ለካ ያገለገለ ስልክ ሲሸጥ ካርቶን ለብቻው ይገዛለታል፣ ልክ ለሙሽራ ሱፍ እንደሚከራዩት። እኔ «ካርቶኑ አለው» ብዬ ሁለት ሺህ ብር ጨምሬ ነው የገዛሁት!

እንግዲህ ከዚያ በኋላ በምን አመንኩ ብትሉ፣ አንዱን አይቼ አልተውም። ጀርባ ላይ የታተመ ነገር ሊቀየር ይችላል፣ የጀርባ ክዳን መርካቶ በሽ ነው። የምነሣው ስልኩ ራሱ ከሚናገረው ነው። ሳምሰንግ ከሆነ *#1234# ስትደውሉ የሶፍትዌሩን ስም ያወጣል፣ ስሙም በሞዴሉ ነው የሚጀምረው፤ የእኔ ጂ991ኤን ብሎ ይጀምራል። እሱና አባውት ፎን ላይ ያለው ከተስማሙ፣ አይኤምኢአዩም ከሁለቱ ጋር ከሄደ፣ በቃ። ከተጣሉ ስልኩን አስቀምጡና ውጡ። ስልኩ ጠፍቶ እንደኔ ከተቸገራችሁ ደግሞ በሌላ ስልክ የጎግል አካውንታችሁን ከፍታችሁ የጠፋ ስልክ መፈለጊያው ውስጥ ግቡ፣ አይኤምኢአዩን እዚያ ታገኙታላችሁ። ይሄን ያወቅኩት ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አይፎን የያዛችሁ አትሣቁብኝ። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ለእናቷ አይፎን 14 ላከች። እትዬ በደስታ ስልኩን ይዘው መጥተው «ሲሙን አስገባልኝ» አሉኝ። ዞር ዞር ባደርገው ቀዳዳ የለውም። የአሜሪካው አይፎን 14 ከነጭራሹ የሲም ቦታ የለውም፣ ኢሲም ብቻ ነው፤ የቻይናው ደግሞ ሁለት እውነተኛ ሲም ይወስዳል። ስሙ ግን ሁሉም ዘንድ አይፎን 14 ነው። እዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ገብታችሁ የሞዴሉን ቁጥር አንዴ ነካ ስታደርጉት ኤ ብሎ ወደሚጀምር ቁጥር ይቀየራል፤ የእትዬ ኤ2649 ነው፣ የአሜሪካ። ሳይነካ በፊት ያለው የመጀመሪያ ፊደልም ይናገራል። ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። «ፓክድ ነው» ብሎ ኤፍ የሚሸጥላችሁ ካለ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

ቴክኖም ከዚህ አያመልጥም። ስፓርክ 10፣ 10ሲ፣ 10 ፕሮ፣ ሦስቱም በአፍ «ስፓርክ 10» ናቸው፤ ስክሪን ስትገዙ ግን ባለሱቁ ኬአይ ብሎ የሚጀምረውን ኮድ ነው የሚፈልገው። ፕሮው ኬአይ7 ነው። ኮዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ ራሴ ስልክ ልመለስና ልጨርስ። ባትሪው አዲስ ሲሆን 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ እኔ ጋ ሲመጣ ግን ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ይሞት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ምን ይጠበቃል። ጥር ላይ ቀየርኩት፤ ባትሪው ለኤስ21 ወንድማማቾች ሁሉ አንድ ስለሆነ ቢያንስ እዚያ ላይ ፊደል አላሳደደኝም። አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ይዘልቃል። በቅርቡ አንድሮይድ 15 ገባልኝ። የመጨረሻው ትልቅ አፕዴት ነው፣ ሲወጣ አንድሮይድ 11 ነበር፣ አራት ተቀይሮለት አበቃ። ካሜራው በቀን ብርሃን አሁንም ያኮራል። መሸት ሲል እንኳ የቡና ሥነ ሥርዓቱን ከነጭሱ ያወጣዋል።

ድጋሚ እገዛው ነበር? ኤኑን በ32,000፣ በጭራሽ። በ24,000 ቢሆን፣ አንድ ሲም መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮኝ፣ አዎ፣ ስልኩ ይገባዋል። ባለ ሁለት ሲሙን ቢ ባገኝ ደግሞ 32ቱንም እሰጣለሁ።

የሳፋሪኮሟ ሲም አሁን ያለችው የወንድሜ የድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ነው። ጠዋት ሁለት ኪስ እሞላለሁ። ካርቶኑን አልጣልኩትም፣ ቁም ሣጥን ላይ አለ፣ ቻርጀርና የተበጠሱ ኢርፎኖች አጭቄበታለሁ። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ትክክለኛው ባለቤቱ ይታወሰኛል። የሆነ ቦታ ሁለት ሲሙን ሰክቶ፣ ካርቶን የለውም ተብሎ ሁለት ሺህ ብር ቀንሶ ገዝቶታል።