መጽሐፍን በራስ ወጪ ማሳተም፦ ማተሚያ ቤት፣ «ሙሉ አገልግሎት» ወይስ የኢንተርኔት መድረክ?

ጅማ ተቀምጦ መጽሐፉን በራሱ ወጪ ለማሳተም የሚነሣ ደራሲ ሦስት መንገዶች አሉት፤ በቀጥታ ከማተሚያ ቤት ጋር መዋዋል፣ ከአርትዖት እስከ ማስታወቂያ ያለውን ሁሉ በአንድ ዋጋ እንሠራለን ለሚል ድርጅት ገንዘቡን ማስረከብ፣ ወይም ደራሲያን መጽሐፋቸውን ራሳቸው ለሽያጭ እንደሚያቀርቡበት እንደ አማዞን ኬዲፒ ባለ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሥራውን ራሱ መጫን። ከዋጋው አስቀድሞ መመርመር ያለበት፣ ገንዘብ ተቀባዩ ትርፉን የሚያገኘው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው ወይስ ደራሲው ሲከፍል የሚለው ጉዳይ ነው።

ማተሚያ ቤት የሚሸጠው ኅትመት ብቻ ስለሆነ የገባውን ቃል መመዘን ቀላል ነው። ፕሮፎርማው የቅጂውን ብዛት፣ የመጽሐፉን መጠን፣ የውስጡ ወረቀት 70 ወይም 80 ግራም መሆኑን፣ የሽፋኑን ውፍረት፣ ጥራዙ በሙጫ ይሁን በክር ለይቶ መጻፍ አለበት። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፋት (አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ እየወጣው) ስለሚታተም፣ 165 ገጽ የያዘ ሥራ የ176 ገጽ ወረቀት ሊያስከፍል ይችላል፤ የገጽ ቅንብር ባለሙያው ወደ 160 ቢያወርደው ወጪው ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የሚያጋጥመው ማጭበርበር በአብዛኛው ከተስማሙበት የሳሳ ወረቀት መጠቀም ወይም ቅጂ ማጉደል ነው። ጅማ ላይ ቡና ገዢ ናሙናውን በእጁ ሳያይ ዋጋ እንደማይቆርጥ ሁሉ፣ ደራሲውም የወረቀቱን ናሙና አስፈርሞ ሳይዝ ቀብድ ባይሰጥ ይበጀዋል። ጉድለቱ ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉን የማይሸጥ መሆኑ ነው፤ ካርቶኑ ቤት ከገባ በኋላ አከፋፋይ መፈለግና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው የአዲስ አበባ ገበያ ማጓጓዝ የደራሲው ዕዳ ነው።

«ሙሉ አገልግሎት» ይህን ድካም አስቀራለሁ ስለሚል ያጓጓል፤ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። በእርግጥ የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ ለይተው የሚያስከፍሉ ሐቀኞች አሉ። አጭበርባሪው ግን ሳይጠሩት ይመጣል። «መጽሐፍዎን አንብበን ተደንቀናል» የሚለው መልእክቱ ዛሬ ዛሬ የገጸ ባሕርያቱን ስም ሳይቀር ስለሚጠቅስ እውነት ይመስላል፤ ያንን ከጀርባ ሽፋኑ ጽሑፍ ላይ ቀድቶ ማቀናበር ግን ለኮምፒውተር የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያም ሙሉ ክፍያው በቅድሚያ፣ ያውም በግለሰብ ስም ወደተመዘገበ የቴሌብር ቁጥር እንዲገባ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ይፋ የሆነ አንድ የወንጀል ክስ፣ ተከሳሾቹ የአሳታሚና የፊልም ውል እናስገኛለን እያሉ ከ800 በላይ ደራሲያንን ከ44 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጭበርብረዋል ይላል።

በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ የሚካተቱ ሁለት ነገሮችም መታየት አለባቸው። የቅጅ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያለ ምዝገባም ጥበቃ ስለሚያገኝ፣ «መብትዎን ለማስገኘት» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ መሠረት የለውም። አይኤስቢኤን የተባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ስለሆነ ደራሲው በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። ከሁሉ የከፋው መብቱን «ለጥበቃው ዘመን በሙሉ» የሚያስተላልፍ አንቀጽ ነው፤ ይህ ዘመን የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሆነ፣ የኅትመቱን ወጪ ራሱ የከፈለ ሰው የልጆቹን ድርሻ ጭምር አሳልፎ የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

ኬዲፒ ለመጫን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድርሻውን የሚወስደው ከሽያጩ ነው፤ የወረቀት መጽሐፉንም የሚያትመው ገዢ ሲያዝ ነው። ስለዚህ «ከአማዞን ነን፤ መጽሐፍዎን ለማውጣት ይክፈሉ» የሚል ስልክ ሐሰት ነው። መድረኩ የሚጠቅመው ግን አንባቢዎቹ ውጭ አገር ለሚኖሩለት ደራሲ ነው፤ በጅማ ስንቱ አንባቢ በዶላር ካርድ መጽሐፍ ይገዛል?

እንግዲህ ጅማና አዲስ አበባ ለመሸጥ ላሰበ ሰው እኔ የምመርጠው ማተሚያ ቤቱን በቀጥታ መዋዋልን፣ አርታኢውንና የገጽ ቅንብር ባለሙያውን ለየብቻ መቅጠርንና የመጀመሪያውን ኅትመት አነስተኛ ማድረግን ነው። ማስታወቂያ አስፈላጊ ከሆነ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ የሚተላለፍበት ቀንና ሰዓት በውሉ ሰፍሮ ክፍያው ማስታወቂያው ከተላለፈ በኋላ ይፈጸም፤ «በሺዎች ዘንድ እናደርስልዎታለን» ለሚል ግን ቀብድም አይገባውም። ከማንኛውም ድርጅት ጋር ከመዋዋል በፊት የንግድ ፈቃዱን በቲን ቁጥሩ ማጣራትና ክፍያውን በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስገብቶ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።