ግሬት ፎልስ፦ ከእማዬ ጋር የዋልንበት ፓርክ

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ አፓርታማ ውስጥ ስትቆዝም አንጀቴን በላችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ቨርጂኒያ ወዳለው ግሬት ፎልስ ፓርክ ወሰድኳት። የፖቶማክ ወንዝ ከአለት አለት እየተላተመ የሚወርድበት ቦታ ነው።

መግቢያው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው። በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ለቤተሰብ ያዋጣል። ደረሰኙን አትጣሉት። ለ7 ቀን ያገለግላል፤ ከወንዙ ማዶ በሜሪላንድ በኩልም ያስገባል። ካርድ ያዙ፣ በካሽ አይከፈልም።

ፏፏቴውን የሚያዩበት ሦስት ቦታ አለ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚወስደው መንገድ ግን ለጋሪም ስለሚመች፣ እጄን ይዛ ቀስ እያለች ደረሰች። አጥሩን ተደግፋ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ዞራ «ይሄ ሁሉ ውኃ እዚህ እያለ ነው ቤት የቆለፍሽብኝ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ልጆቹን የያዛቸው ደግሞ የጎርፍ ምልክቱ ነው። ወንዙ ሞልቶ የደረሰበት ከፍታ ከነዓመቱ ተጽፎበታል። የ1936ቱ (እ.ኤ.አ.) ከሁሉም በላይ ነው። ትልቁ ልጄ አንጋጦ «እዚህ ድረስ?» እያለ አልላቀቅ አለ።

ውኃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ላዩ የተረጋጋ ቢመስልም ከስር ይስባል። የትንንሽ ልጆችን እጅ እንዳትለቁ፣ አደራ። ፌስታልም ያዙ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በዚያው ደረሰኝ በሜሪላንድ በኩል ልወስዳት ነው።