ከዋሃካ የመጣ ተብሎ የሚሸጥ የእንጨት ቅርጽ ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩና ለቤታችሁ ጌጥ ወይም ለስጦታ የሜክሲኮን ባለቀለም የእንጨት እንስሳት በኢንተርኔት ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህንን እንድታነቡ እጠይቃችኋለሁ። አንድ ሻጭ «በእጅ የተቀረጸ፣ ከኮፓል እንጨት የተሠራ፣ የባለሙያው ፊርማ ያለበት» ብሎ 180 ዶላር ያስከፈለኝ ጥንቸል እንጨት ሳይሆን፣ ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈሶ የተሠራ ዕቃ ነው። ከአገጩ ተነሥቶ በሆዱ ሥር የሚያልፍ ቀጭን መስመር አለው፤ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ነው። በኋላ እግሩ መርገጫ ላይ ቀለም ያልሸፈናት የአየር አረፋ ቀዳዳ ትታያለች፤ እዚያው ቦታ ላይ በቢላዋ ሲፋቅ የሚወጣውም ነጭ ዱቄት እንጂ የእንጨት ፍቅፋቂ አይደለም።

እውነተኛው ሥራ የሚወጣው በደቡብ ሜክሲኮ በምትገኘው በዋሃካ ከተማ አቅራቢያ ካሉ መንደሮች፣ በተለይም ከሳን አንቶኒዮ አራሶላ፣ ከሳን ማርቲን ቲልካሄቴና ከላ ኡኒዮን ቴሃላፓም ነው። ኮፓል ከእኛው የዕጣንና የከርቤ ዛፎች ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ዛፍ ሲሆን፣ ጠራቢው እንጨቱን እርጥብ ሳለ በገጀራ ጠርቦ በመሮና በቢላዋ መልክ ካስያዘው በኋላ እንደ መጠኑ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲደርቅ ይተወዋል፤ ሲደርቅ የተሰነጠቀውን ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም ቀቢዋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ወይም ልጁ፣ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ የምታሳርፈው። ይህን ሁሉ ድካም የአንድ ቀን የፋብሪካ ምርት በስሙ ሲነግድበት ማየት ያሳዝናል፤ የሚጎዱትም ገዢዎች ብቻ አይደሉም።

ጆሮ፣ ክንፍና ጅራት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተቀርጸው በቀዳዳ የሚሰኩ ስለሆኑ፣ ሻጩ ጆሮውን ነቅሎ የቀዳዳውን ውስጥ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ያልተቀባ እንጨት መታየት አለበት። የአንድ ዓይነት እንስሳ ሁለት ቅርጾችን ጎን ለጎን አንስቶ እንዲያሳያችሁም ጠይቁ። በእጅ የተሠሩ ከሆነ የአንገታቸው አቀማመጥም ሆነ የነጠብጣባቸው ቦታ ሙሉ በሙሉ አንድ ሊሆን አይችልም። ፊርማን ግን ብቻውን አትመኑ፤ በእውነተኛው ሥራ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ሲሆን፣ በሐሰተኛው ላይ ደግሞ ማንም ሊጽፈው ይችላል። በአንጻሩ ትንሽ ስንጥቅ ማየት ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፣ የኮፓል ባሕርይ ነውና። አክሪሊክ የተባለው የፋብሪካ ቀለምም ቢሆን ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ጥፋት አይደለም፤ ይልቁንም በርካሽ ዋጋ «በተፈጥሮ ቀለም የተቀባ» የሚላችሁን ተጠራጠሩ።

«የፔድሮ ሊናሬስ ኦሪጅናል የእንጨት አሌብሪሄ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጊዜ አታባክኑ። በ1992 ያረፈው ሊናሬስ የሜክሲኮ ሲቲ ሰው ሲሆን፣ አሌብሪሄ የተባሉትን የምናብ ፍጡራን የሠራው ከወረቀትና ከሙጫ ነው። የዋሃካን የእንጨት ቅርጽ በማስተዋወቅ ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው የአራሶላው ማኑኤል ሂሜኔስ ነው፤ እሱም በ2005 አርፏል። ስለዚህ በስሙ የሚቀርብ «አዲስ ሥራ» ካለ በምንም መንገድ እውነት ሊሆን አይችልም።

ክፍያውን በክሬዲት ካርድ ብቻ ፈጽሙ። ሻጩ ዜል በተባለው ገንዘብን ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ በሚያስተላልፈው አገልግሎት ወይም በመሰል መንገድ እንድትልኩለት ከጠየቀ፣ ቅናሽ ቢያደርግላችሁም አትቀበሉ፤ በዚያ መንገድ የተላከን ገንዘብ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃን ሒሳብ ለመቃወም፣ ክፍያው የሠፈረበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከበት ቀን አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ አውጪ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ከማመልከቻው ጋር «በእጅ የተቀረጸ እንጨት» የሚለውን የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ፣ የመጋጠሚያውን መስመርና የተፋቀውን ቦታ በቅርብ የሚያሳዩ ፎቶዎችን አያይዙ። ሻጩ ማስታወቂያውን ሊሰርዘው ስለሚችል ገጹን ዕቃው ከመድረሱ በፊት አስቀምጡት፤ ባንኩ ውሳኔ እስኪሰጥም ድረስ ዕቃውንም ሆነ የመጣበትን ካርቶን አትጣሉ።