ጄል ወይስ ሊቲየም? መኪና ውስጥ ለምትኖሩ ጥንዶች የባትሪ ምርጫ

እኔና ባለቤቴ ሚኒባሳችንን ቤት አድርገን መኖር ከጀመርን ወዲህ የሚደወልልን በአብዛኛው ስለ ባትሪ ነው። አልጋውን ማንም ጎበዝ አናጢ ይሠራዋል። ውሃ በጀሪካን ይያዛል። ባትሪው ላይ ግን ሰው ብዙ ብር ያፈስበታል፣ ከዚያ ክረምት ሲገባ ፍሪጁ ሌሊት ላይ ይጠፋና «ምን ብገዛ ይሻለኝ ነበር?» ብሎ ይደውላል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ድምፅ ከምልክ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን አላቆየውም። ሊቲየም ግዙ። ሊቲየም ስል ላይፎ የሚባለውን፣ ባለ 3.2 ቮልት አራት ሴል ተደርድሮ የሚሠራውን ማለቴ ነው። እሱንም ቢሆን ሣጥኑ በካቻቢቴ የሚከፈተውን ግዙ። ዙሪያውን ተጣብቆ የታሸገ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታይ ሊቲየም ከሚሸጥላችሁ ግን ጄል የሚባለውን የእርሳስ ባትሪ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ዋጋ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ማለት ነው፣ ባትሪ ከዶላር ጋር አብሮ ነው የሚነሳው። ሻጮች ዋጋ ነግረዋችሁ «የዛሬ ነው፣ ነገ አላውቅም» ይላሉ። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ብር እናንተ ስትሄዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱን ግን ያዙት። እኛ ሐዋሳም መርካቶም ዞረን ስንጠይቅ ባለ 100 አምፔር ጄል (አምፔር ሲሉ የባትሪውን መያዣ፣ አምፔር ሰዓት ማለታቸው ነው) 32,000 ብር ነበር። ተገጣጥሞ የመጣ ባለ 100 ላይፎ 58,000። ሰው 32ን እና 58ን ሲያይ ጄሉ ረከሰ ይላል፣ እዚያው ከፍሎ ይወጣል።

አልረከሰም። ጄል በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ 100 ተብሎ ቢጻፍበትም የምትጠቀሙት 50ውን ነው። 32,000 ለ50 ሲካፈል አንዷ አምፔር 640 ብር መጣች ማለት ነው። ላይፎውን እስከ 80 ድረስ ያለ ሐሳብ ትጠቀሙበታላችሁ፤ 58,000 ለ80፣ 725 ብር። የሁለቱ ልዩነት 85 ብር ብቻ ሆነ። አሁን ደግሞ እኛ ያደረግነውን ስሙ። ሴሎቹን ለየብቻ ገዝተን እዚሁ ሐዋሳ ሶላር የሚሠራ ልጅ ገጣጠመልን። አራቱ ሴል 38,000፣ ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ 6,000፣ ሣጥኑና ገመዱ ከእጅ ዋጋ ጋር 5,500። ድምሩ 49,500። ለ80 አካፍሉት፣ 619 ብር ገደማ ነው። ከጄሉ ረከሰ!

ይህ ገና የግዢው ቀን ዋጋ ነው። መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ባትሪውን በየቀኑ ያወርዳል፣ በየቀኑ ይሞላል፤ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው አይደለም። ጥሩ ጄል በዚህ ዓይነት አጠቃቀም ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ቢሞላ ነው። ጥሩ ላይፎ ከ2,000 በላይ ይሄዳል። ጄሉን ሁለት ሦስቴ ስትቀይሩ ላይፎው እዚያው አለ፣ ያኔ ደግሞ ጄሉን የምትገዙት በዚያን ጊዜ ዋጋ ነው።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ወጪ ግን አለ፣ እኔ ልንገራችሁ። ላይፎን በቀጥታ ከመኪናው ዲናሞ ጋር አታገናኙት። ባትሪው የተሰጠውን አምፔር ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞው ይግላል። በዚያ ላይ ቢኤምኤሱ ሞላ ብሎ ድንገት ሲቆርጥ የዲናሞው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል። በመሃል ዲሲ ዲሲ ቻርጀር የሚባል ዕቃ ይገባል፤ እኛ ለባለ 30 አምፔሩ 18,000 ከፍለናል። ከዚህ ጋር የእኛ ወጪ 67,500 ሆነ። አንዱ ጄል 50 ብቻ ስለሚሰጥ፣ በእሱ ፈንታ ሁለት ጄል ብንገዛ 64,000 ነበር። ልዩነቱ እንግዲህ 3,500 ብር ነው። ሁለቱ ጄሎች 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ ላይፎው 12። ከሐዋሳ ወጥቶ ወደ ወንዶ ገነትም ሆነ ወደ አርባ ምንጭ የነዳ ሰው መኪና ላይ ትርፍ ክብደት ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ስንት አምፔር ያስፈልጋል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። እኛ ሁለት ሰዎች ነን። ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ፣ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት ስልክና የባለቤቴ ላፕቶፕ አለ። በቀን ከ50 እስከ 60 አምፔር ይበቃናል። እንጀራ እንገዛለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ያ በ12 ቮልት ከ250 አምፔር በላይ ነው፤ የትኛውም ባትሪ ቢሆን መኪና ውስጥ ምጣድ አታስቡ። ቡናው በከሰል፣ ወጡ በጋዝ።

ጄልን ክፉኛ የሚጎዳው የእኛ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሐዋሳ ደመናው አይገለጥም፣ ሶላሩ ከሰዓት ድረስ ታግሎ ግማሹን ይሞላል፣ ማታ ደግሞ ትጠቀሙበታላችሁ። ጄል የእርሳስ ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲከርም ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሞላ ብሎ ያሳያችሁና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይወድቃል። የተበላሸ ባትሪ ነው የተሸጠልን ብላችሁ ከሻጩ ጋር ትጣላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ዋስትናው አልፏል ይላል። ላይፎ ግማሽ ላይ ቢከርም ምንም አይሆንም። እንዲያውም ሁሌ ጢም ብሎ ከሚቀመጥ እንደዚያ ይሻለዋል። ለእኔ ከዋጋው በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው። መኪናውን ስንገዛ አብሮት የመጣው ጄል በዚሁ መንገድ ነው የሞተው፣ የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ሙሉ ክረምት ዛፍ ሥር አቁሞት ነበር።

ብርድ ላይ ግን ጄል ያሸንፋል። ላይፎ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፣ ሴሉ ውስጥ ጉዳት ይደርሳል። ሐዋሳ ወይም አዳማ ብቻ ለሚኖር ሰው ይሄ ጥያቄ አይደለም። ባሌ ከሄዳችሁ ግን ነው። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይሆናል፣ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ሶላሩ መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ ብርድ ሲሆን መሙላት የሚያቆም ቢኤምኤስ አስገቡ፣ ሣጥኑን ደግሞ ከአልጋው ሥር፣ እናንተ በምትተኙበት ሙቀት ውስጥ አድርጉት። ከመኪናው ሆድ ሥር በውጭ የሚያስሩ አሉ፣ ለላይፎ አይሆንም።

አሁን ወደ አስመሳዩ ሊቲየም ልምጣ፣ ብዙ ሰው የተቃጠለው እዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ መኪናቸውን ሠርተው ወደዚህ የመጡ ጥንዶች አሉ። አዲስ ባለ 200 አምፔር ላይፎ ገዝተው ነበር፣ ዋጋውም ከሌላው በብዙ ያነሰ። ፍሪጁ እስከ ንጋት አይደርስም አሉን። ባለቤቴ ባትሪውን ገና ሲያነሳው «ይሄ አይደለም» አለ። ፍቅር ሐይቅ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው ሰው የሚመዝኑ ልጆችን ታውቋቸዋላችሁ? አንዱ ጋ ወስደን አስመዘንነው። 9 ኪሎ። ባለ 200 ላይፎ ከ20 ኪሎ በላይ መሆን አለበት። የባለ 100 አንድ ሴል ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል፣ አራቱ ከነሣጥናቸው ከ10 እስከ 13 ነው። ከዚህ ብዙ ከቀለለ የጎደለው ሴል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሻጩ ጋ ተመለሱ። «እህቴ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ነው የቀለለው» አላት። እንግዲያው ክፈተውና አሳየን ሲሉት ከተከፈተ ዋስትና የለውም አለ። ሣጥኑ ዙሪያውን ተጣብቋል፣ ብሎን የሚባል የለውም። በመጨረሻ በመጋዝ ቆርጠን ከፈትነው። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ክብ ሴሎች ናቸው፣ ከሌላ ዕቃ ተፈተው የወጡ፣ ብየዳቸው ላይ የድሮ ብየዳ ቁራጭ ይታያል። ልጅቷ እዚያው እንባዋ መጣ። ለአንድ ዓመት ያጠራቀሙት ብር ነበር።

ክዳኑ የሚከፈት ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ሻጩ ፊት ካቻቢቴ አውጥታችሁ ክፈቱልኝ በሉ። አራት ትልልቅ ጠፍጣፋ ሴሎች እኩል ተደርድረው፣ አንዱም ሳያብጥ፣ በላያቸው የተጻፈው ቁጥር ሳይፋቅ ካያችሁ ደህና ነው። በቴስተር አራቱንም ለኩ። አዲስ ሴሎች ቮልታቸው እጅግ ይቀራረባል፤ አንዱ 3.30 እያለ ሌላው 3.10 ካለ ተዉት። አልከፍትም ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ጥገናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ላይፎ አንድ ጊዜ ከጂንካ ስንመለስ እየጠፋ እየበራ አስቸግሮን ነበር። ሣጥኑን ስንከፍተው ሴልና ሴልን የምታገናኘው መዳብ ብሎኗ በመንገዱ ነውጥ ላልታ፣ ግላ፣ ጠቁራለች። አጸዳናት፣ አጠበቅናት፣ አለቀ። አንድም ብር አልወጣብንም። ታሽጎ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ 58,000 ብር ተጥሎ ነበር። ቢኤምኤስ ቢቃጠል ደግሞ ሰሌዳውን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ አንድ ሴል ቢደክም አንዱን ብቻ።

ጄል ሲሞት ግን ሞተ። ክዳኑን አንስተህ ውሃ ጨምርበት የሚሉ አሉ። የእኛንም አሮጌ ጄል አንድ ጋራዥ እንዲህ ሊያደርጉት ሲሉ፣ እዚያ የነበሩ አንድ አንጋፋ ኤሌትሪሻን «ተዉት ልጆቼ፣ ሳህኑ ካለቀ ውሃ አይመልሰውም» አሉን። «እሺ ጋሼ» ብለን ለቆራሌው ሸጥነው። እዚህ ላይ ለጄል አንድ ነጥብ ልስጠው፤ እርሳሱ በኪሎ ይሸጣል። የሞተ ላይፎ ቆራሌው አይነካውም።

ሌላም ነጥብ አለው። ጄል የትም ይገኛል። ያቤሎ ብትቆሙ፣ ጎባ ብትቆሙ፣ የመኪና ባትሪ የሚሸጥበት ሁሉ አንድ የእርሳስ ባትሪ አይጠፋም፣ የሚገጥመውም ሰው ያውቀዋል። የላይፎ ሴል ግን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ስለዚህ አንድ ትርፍ ቢኤምኤስ መሳቢያ ውስጥ ይዘን ነው የምንዞረው፤ 6,000 ብር ቁጭ ብሎ ያሳዝናል፣ ግን ሩቅ ቦታ ላይ ፍሪጅ ሙሉ ሥጋ ከሚበላሽ ይሻላል።

ሶላሩ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ ቻርጅ ኮንትሮለራችሁን፣ ላይፎ ላይ አድርጉት፤ መሙያው 14.2 እስከ 14.4 ቮልት ይሁን። የእርሳስ ባትሪን ሰልፌት ለማራገፍ ቮልት ከፍ የሚያደርገውን ተግባር አጥፉት። የቮልት መለኪያ አይታችሁ ላይፎ ስንት ቀረው ብላችሁ እንዳትገምቱ፣ ሊያልቅ እስኪል ድረስ ቮልቱ ያው ነው። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ግዙ፣ ውድ አይደለም።

እጃችሁ ላይ ያለው 35,000 ብር ብቻ ከሆነ ወይም መኪናዋን የምታድሩባት በወር አንዴ ከሆነ ጄል ግዙ፣ አልቃወምም። ርካሽ ሊቲየም ፍለጋ ብቻ አትሂዱ። ጄል ስትገዙ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቮልቱን እዩ። ምንም ሳይስብ አርፎ ሳለ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሹ አልቋል፣ ፍሪጁን አጥፉ። በክረምት በሳምንት አንዴ ዘመድ ቤትም ሆነ ያረፋችሁበት ግቢ መብራት ላይ ሰክታችሁ ጢም እስኪል ሙሉት። ሱቁ ስትሄዱም ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ የተባለው ጄል ከ12.6 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ከርሟልና ሌላ አስወጡ።