ዲሽ ሰሪያችንን አመሰግናለሁ፦ ከጣሪያ ላይ የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት አሰማን

ይህን የምጽፈው አንድ ዲሽ ሰሪ ለማመስገን ነው። ብዙዎቻችሁ ለቻናል ትፈልጉት ይሆናል፤ ለዚያም እመሰክርለታለሁ። እኔ የጠራሁት ግን ቴሌቪዥን ለማየት አልነበረም። የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት ማዳመጥ ፈልጌ ነው። አማተር የምንላቸው ለሥራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ሳተላይት ሲማሩ በጆሯቸው የሚሰሙት ነገር እንዲኖር ሁልጊዜ እመኝ ነበር። አማተሮች የራሳቸውን ሳተላይት ማምጠቅ የጀመሩት በ1961 እ.ኤ.አ. በኦስካር 1 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አምጥቀዋል። አዲስ አበባ ላለ ጀማሪ ግን ከሁሉም የምትመቸው ኪው-ኦ-100 ናት። የኳታር ኢስሃይል-2 የተባለችው የቴሌቪዥን ሳተላይት በኖቬምበር 2018 ስትመጥቅ የአማተሮችን መሣሪያ ይዛ ወጣች። ሐሳቡ የኳታር የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ነው፤ በቴክኒኩ አምሳት የተባለው የጀርመን የአማተር ሳተላይት ማኅበር ረድቷል። በፌብሩዋሪ 2019 ተከፈተ። ሳተላይቷ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከመሬት እኩል ስለምትዞር ከእኛ አንጻር ቦታዋን አትለቅም። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለ አማተር በእሷ በኩል ያወራል። ኢትዮጵያም ውስጧ ናት።

ደስ የሚለው፣ የአማተሮቹን ድምፅ የምትልክበት ሞገድ ከ10489.5 እስከ 10490 ሜጋኸርትዝ ነው። ከቴሌቪዥኖቹ ባንድ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ የቤታችን ኤልኤንቢ (የዲሹ ዓይን) ይቀበለዋል። ሪሲቨር ግን አያሳየውም። ፍሪኩዌንሲውን ብትሞሉ፣ ስካን ብታደርጉ ምንም አይወጣም። ምስል የለውማ! የሰው ድምፅና ሞርስ (በአጭርና ረጅም ጢጥታ የሚላክ መልእክት) ነው። ለዚህ ይሆናል ከእሱ በፊት ያናገርኳቸው ባለሙያዎች «እንዲህ የሚባል ቻናል የለም» ብለው የሄዱት።

እሱ ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «ቨርቲካል ነው ሆሪዞንታል?» አለ፤ ሞገዱ ቁም ነው ወይስ አግድም ማለቱ ነው። ቨርቲካል አልኩት። «ዲግሪውስ?» ነገርኩት። «እሱማ ባድር ጋ ነው ቲቸር፣ አረብሳት!» ብሎ ተነሣ።

ጣሪያ ላይ ሲሠራ ማየት ትምህርት ነው። ናይልሳት ከእኛ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ይቺ ግን በደቡብ ምዕራብ በኩል ከአድማስ 72 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ዲሹ በደንብ ማንጋጠጥ አለበት። መጀመሪያ በሪሲቨሩ ባድርን ያዘ። ምስሉ ሲጠራ ብሎኑን አላላውና የኤልኤንቢውን ጠምዘዝታ አስተካከለ። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ጠምዘዝታው ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እሱ አልዘለለውም።

ቀጥሎ የነገረኝን ግን በጣም ላስምርበት፣ ምክንያቱም ለጀማሪ ገንዘብ ያድናል። እኔ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ የኤስዲአር ሬዲዮ አለኝ። ኬብሉን ልሰካው ስል ያዘኝ። ሪሲቨር በኬብሉ ወደ ኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። ያ ቮልት ኤስዲአሩ ውስጥ ከገባ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ስፕሊተር (ኬብሉን ለሁለት የሚከፍል) አወጣ፤ ቮልት የሚያሳልፈው አንዱ ጎኑ ብቻ ነው። ቮልት የሚያሳልፈውን ጎን ለሪሲቨሩ፣ የተዘጋውን ለሬዲዮው ሰጠ፤ የተዘጋ መሆኑንም በሜትር ለካ። ሪሲቨሩን ቨርቲካል ቻናል ላይ አቆመው፣ ኤልኤንቢውን ወደ ላይኛው ባንድ የሚቀይረውን የ22 ኪሎኸርትዝ ምልክት አጠፋው። በቃ፣ ኤልኤንቢው ኃይል አገኘ። ኤስዲአሩን 739.5 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ከፈትኩት፤ ኤልኤንቢው ከሚመጣው ላይ 9750 ስለሚቀንስ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተደረደሩ። አንዷን ጫን ስል ሰው የጥሪ ምልክቱን (የአማተር መለያ ስሙን) እየጠራ ነው!

ችግር አልጠፋም። ፀሐይ ሲወጣ ኤልኤንቢው እየሞቀ ድምፁ ከቦታው ይንሸራተታል። የቴሌቪዥን ሲግናል ብዙ ሜጋኸርትዝ ስለሚሰፋ ትንሽ መንሸራተት አይሰማውም። የአማተር ድምፅ ግን 3 ኪሎኸርትዝ እንኳ አይሞላም። በማግሥቱ ስደውልለት ፒኤልኤል የሚባለውን፣ ሞገዱን አጽንቶ የሚይዘውን ኤልኤንቢ ይዞ መጣ። ያንን ስንቀይር ብዙው መንሸራተት ቀረ። እንደምትጀምሩ ካወቃችሁ ከመጀመሪያው እሱን ጠይቁት። ያስከፈለኝ የዕቃውንና የተለመደውን የዲሽ ማስተካከያ ዋጋ ብቻ ነው።

ተማሪዎቼ ሲሰሙ የሆኑትን ማየት ነበረባችሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው «የምትንቀሳቀሰውንስ?» ሆነ። የአማተር ሬዲዮ ለያዘችው ለዓለም አቀፏ የጠፈር ጣቢያ ግን ዲሽ አይሆንም፤ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የምትቆየው። እዚህም የረዳን እሱ ነው። ከሥራ ያወረዳቸውን የድሮ የቲቪ አንቴናዎች ሰጠን፤ አሉሚኒየሙን ለ437.8 ሜጋኸርትዝ በሚሆን ልክ፣ 33 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እየቆረጥን በእጅ የሚያዝ አንቴና ሠራን። የምታልፍበትን ሰዓትና አቅጣጫ ጂፕሬዲክት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እናያለን። የምሕዋር መረጃውን ቶሎ ቶሎ ማደስ አትርሱ፤ ያረጀ ከሆነ ሰዓቱ ይዛባል። የምንሰማበት ሞገድም ስትመጣ ወደ 10 ኪሎኸርትዝ ከፍ፣ ስትርቅ ያን ያህል ዝቅ ይላል። ዶፕለርን ከሰሌዳ ይልቅ በዚህ ማስተማር እንዴት ቀለለኝ!

እኛ የምናደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። ለመናገር ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋል። ወደዚያ መሄድ የምትፈልጉ፣ አምስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ያለውን ኢቲ3ኤኤ የተባለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጠይቁ።

ይህ ልጅ ስለ አማተር ሬዲዮ ከእኔ በፊት ሰምቶ አያውቅም። ሙያውን ግን እስከ ሥሩ ያውቀዋል፤ ያልገባውን ደግሞ አልናቀም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን እዚህ በይፋ አልለጥፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ይበዛበታል፣ በአዘቦት ቀን ብትቀጥሩት ይሻላል። ስትደውሉለት «26 ዲግሪ፣ ቨርቲካል፣ ለኤስዲአር» በሉት፤ ስፕሊተሩን ይዞ ይመጣል።