የቦረቦርን መስፋት ለመለካት፦ የብረት ካስማ ወይስ ድሮን?

ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰፋን ቦረቦር ለመለካት ከበጀቱ በፊት አፈሩን እዩ።

ካስማ ርካሽ ነው። 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ 10 ሚሊሜትር ፌሮ፣ 10 ሳንቲሜትሩ ብቻ እስኪቀር በቦረቦሩ ግድግዳ ላይ ይመታል፤ ከዝናቡ በፊትና በኋላ ወደ ውጭ የቀረው ርዝመት ይለካል። በቀይ አፈር ጥሩ ይሠራል። በዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ግን አትመኑት፦ አፈሩ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካስማውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የዋልካ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ጠጥቶ በአንዴ ሲናድ ካስማውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ከአፋፉ 10 ሜትር ርቆ ችካል መትከልና እስከ ጠርዙ በሜትር መለካት ይሻላል። ብረት ስለሚሰረቅ ችካሉ የእንጨት ይሁን።

ድሮን የሁለት በረራዎች ፎቶዎች ሲነጻጸሩ የታጠበውን አፈር መጠን ይሰጣል፤ ችካል ይህን አይችልም። ፎቶዎቹ ወደፊት 80፣ በጎን 70 በመቶ ይደራረቡ። ቢያንስ 5 የመሬት ምልክቶች (በፎቶው ላይ የሚታዩ፣ ቦታቸው የታወቀ ነጥቦች) ሳንቲሜትር በሚለይ ጂፒኤስ ይለኩ፤ ሌሎች 3 ለማረጋገጫ ብቻ ይቀመጡ። የእያንዳንዱ በረራ የከፍታ ስህተት 5 ሳንቲሜትር ከሆነ የሁለቱ በረራዎች ልዩነት ስህተት 7 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች የሆነ ለውጥ እንደ ለውጥ አይመዘገብ። ድሮኑ ከላይ ስለሚያይ ከሥሩ የተፈለፈለ ግድግዳ አይታየውም፤ በመስከረም ደግሞ ሣሩን መሬት ያደርገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ጥላ በሚያጥርበት እኩለ ቀን አብርሩት። የበረራ ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ለዋልካ ቦረቦር ምርጫችን ድሮን ነው፤ ችካሉም አይቅር፣ በክረምት መካከል የሚናደውን የሚያሳየው እሱ ነውና።